የባለ ፍሬም ቀፎ አጠቃቀምን በአጭር ቪዲዮ ለደንበኞቼ ማስተማር እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ቀፎ ሠሪው (ፍኖተ ሰላም)

ጤና ይስጥልኝ፣ ወንድሞችና እህቶች። በፍኖተ ሰላም ከተማ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። ላለፉት ስድስት ዓመታት ዋና ሥራዬ ባለ ፍሬም ቀፎ መሥራትና ከታተመ ሰም (ንቦቹ እንጀራቸውን የሚጀምሩበት ባለ ቅርጽ የሰም ሉህ)፣ ከማጨሻና ከንግሥት ማገጃ (ንግሥቲቱ ወደ ማሩ ሳጥን እንዳታልፍ የሚያግድ ወንፊት መሰል ዕቃ) ጋር ለአናቢዎች መሸጥ ነው። ደንበኞቼ በአብዛኛው ከጃቢ ጠህናን፣ ከደምበጫ፣ ከቋሪትና ከቡሬ ዙሪያ የሚመጡ ገበሬዎች ናቸው። ንብን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቃሉ፤ ከቀርከሃ ተሠርቶ በጭቃና በእበት የተለሰነ ቀፎ ከጓሯቸው አይጠፋም። ስለ ንብ ጠባይ ከእኔ ይልቅ እነርሱ ያስተምራሉ፤ እንግዳ የሚሆንባቸው ፍሬም የሚባለው፣ ንቦቹ የማር እንጀራቸውን እንዲሠሩበት ከቀፎው ውስጥ የሚሰቀለው ባለ ሽቦ የእንጨት ክፈፍ ነው።

ቀፎ ስሸጥ አጠቃቀሙን በቃል አስረዳለሁ። በገበያ ቀን ግን ከኋላ ተራ የሚጠብቅ ሰው ስለሚኖር፣ ገዥውም ሳይመሽበት መንገዱን ለመጀመር ስለሚቸኩል፣ ማስረዳቱ ከአሥር ደቂቃ አያልፍም። ከሁለት ወር በኋላ ሰውየው ተመልሶ «ይህ ቀፎህ ንብ አይረጋበትም» ይለኛል። ሄጄ ስመለከት ወይ የታተመው ሰም ከፍሬሙ ወድቆ ከሥር ተጣጥፏል፣ ወይ ፍሬሞቹ ተራርቀው ስለተሰቀሉ ንቦቹ የማር እንጀራውን ከአንዱ ፍሬም ወደ ሌላው አሻግረው ሠርተውታል፤ አንዱን ፍሬም ለማውጣት ሁሉንም መስበር ግድ ይሆናል።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ አንድ አባት ፍሬም በነጠላ ጠቅልለው ይዘውልኝ መጡ። ሰሙ እንደ ረጠበ ወረቀት ተጣጥፎ ከታችኛው እንጨት ላይ ተኝቷል፤ ሰሙን የሚይዘው ሽቦ ላልቷል። ሽቦው መወጠር እንዳለበት ሲገዙ ነግሬያቸው ነበር፤ ነገር ግን ምን ያህል እንደሚወጠር በቃል ለማስረዳት ይከብዳል። የእርሳቸውን ሽቦ በጣቴ ነካሁት፤ ቀጥሎም እኔ የወጠርሁትን ሌላ ፍሬም ነካሁ። የእኔው እንደ ክራር ክር ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ፤ የእርሳቸው ምንም አላለም። «ያን ቀን ይህን ብታሰማኝ ኖሮ» አሉኝ። ወቅቱ ግን አልፏቸው ነበር፤ አደይ አበባው ሲያብብ ንቦቻቸው ቀጥ አድርገው እንጀራ የሚሠሩበት ነገር አላገኙም። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም፤ ቪዲዮ የመሥራት ሐሳብ የመጣልኝም ከዚያ በኋላ ነው።

ጥር ላይ ስልኬን ከጣውላ ላይ አስደግፌ ሞከርሁ። ቀፎ ከመክፈት እስከ ማር ማጣራት ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለማስረዳት ስለፈለግሁ ርዝመቱ 18 ደቂቃ ሆነ። ግቢው ነፋሻ ስለነበረ ድምፄ በብዙ ቦታ አይሰማም። በቴሌግራም ለመላክ ስሞክር ፋይሉ ከብዶ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ ከደረሳቸው ሰዎች መካከል የጠየቅኋቸው ሁሉ ደግሞ እስከ መጨረሻው እንዳላዩት በትሕትና ነገሩኝ።

እንግዲህ ልምድ ያላችሁ ሰዎች እንድትረዱኝ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። ካሜራ መግዛት ይኖርብኛል ወይስ ስልኬ ይበቃል? ነፋስና የመጋዝ ድምፅ ባለበት ቦታ ድምፄን እንዴት ልቅረጽ? አንዱ ቪዲዮ ምን ያህል ቢረዝም ይበቃል? ዳታ ለሌላቸው ደንበኞችስ በምን መንገድ ላድርስላቸው? ዝናን ወይም ብዙ ተመልካችን አልፈልግም፤ ከእኔ ቀፎ የገዛ ሰው ቤቱ ገብቶ ቀፎውን በትክክል እንዲያዘጋጅ ብቻ ነው የምፈልገው።

መልስ 1፦ ባለ ስቱዲዮው (ደብረ ማርቆስ)

ሰላም ለእርስዎ ይሁን፣ ወንድሜ። በደብረ ማርቆስ የሠርግና የክርስትና በዓላትን መቅረጽ ከጀመርሁ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል፤ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ካሜራ አይግዙ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት የወጣ ስልክ ካለዎት ለዚህ ሥራ ይበቃል። የሚያወጡት ገንዘብ ካለ በመጀመሪያ ለድምፅ ያውሉት። ሰው ጨለም ያለ ምስል ታግሦ ያያል፤ የማይሰማ ንግግር ግን አንድ ደቂቃ አይታገሥም። በእርስዎ ሥራ ደግሞ ድምፁ ራሱ ትምህርት ነው። የሽቦው ድምፅ ካልተሰማ ያ አባት ያጡት ነገር በቪዲዮውም አይገኝም።

የስልክ ማይክ የሚሰማው አጠገቡ ያለውን ነው። ስልኩ ከአፍዎ ሦስትና አራት ክንድ ሲርቅ ከእርስዎ ይልቅ ግቢውን ይቀርጻል። ስለዚህ ከልብስ ላይ የምትቆነጠጥ ትንሽ ባለ ገመድ ማይክ ገዝተው ከአገጭዎ አንድ ስንዝር ዝቅ አድርገው ደረትዎ ላይ ይሰኩ፤ ለነፋሱ ራሷን በስፖንጅ ይሸፍኗት። ይህንም ለጊዜው ካላገኙ ሌላ መንገድ አለ፤ እኔ ለትምህርታዊ ቪዲዮ የምመርጠውም ይህንኑ ነው። መጀመሪያ እጅዎ ሲሠራ ምስሉን ብቻ ይቅረጹ፤ ማታ ቤት ገብተው ምስሉን እያዩ ንግግሩን ለብቻ ይቅረጹና ያጣምሩት። ባዶ ክፍል ያስተጋባል፤ ጋቢ ከራስዎ በላይ ተከናንበው ስልኩን ከውስጥ ይዘው ቢናገሩ ማስተጋባቱ ይጠፋል። ብዙ ሰው ይህን ስነግረው አያምነኝም፤ ሞክሮ ሲሰማው ግን ያምናል። ክረምት ላይ ከሆነ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሳይጀምር ንግግሩን ይጨርሱ፤ ያንን ድምፅ በኋላ በምንም ማውጣት አይቻልም። የሽቦውን ድምፅ ግን በዚያው በቀረጻው ጊዜ፣ መጋዙ ጠፍቶ፣ ስልኩን ወደ ፍሬሙ አስጠግተው ይያዙት።

ብርሃንን በተመለከተ የሥራ ቤትዎ በር ይበቃዎታል። የሥራ ጠረጴዛውን ወደ በሩ ያስጠጉና ብርሃኑ ከጎን በኩል እጅዎ ላይ እንዲያርፍ ያድርጉ። በሩ ከጀርባዎ ከሆነ እጅዎ ጥቁር ጥላ ይሆናል። ውጭ የሚቀርጹ ከሆነ ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላም ከ10 ሰዓት ወዲህ ያለው ብርሃን ለስላሳ ነው፤ የቀትር ፀሐይ ግን ሰሙን ነጭ አድርጎ ስለሚያሳየው በላዩ የታተመው ባለ ስድስት ማዕዘን ቅርጽ አይታይም። ከእያንዳንዱ ቀረጻ በፊት የስልኩን መስታወት በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ፤ በእንጨት ሥራ ቤት አቧራው በሰዓታት ውስጥ ይለብሰዋል።

ስልኩን በእጅ አያስይዙ። እርስዎ የእንጨት ባለሙያ ስለሆኑ መቆሚያውን ራስዎ ሊሠሩት ይችላሉ፤ ከጣሪያው ወራጅ ላይ ወደ ታች የሚወርድ አንድ ጣውላና ስልኩን አጥብቆ የሚይዝ የብስክሌት ጎማ ላስቲክ ይበቃል። ስልኩን በአግድም ያድርጉት፤ ፍሬም ከቁመቱ ወርዱ ስለሚበልጥ ሙሉ ሆኖ ይታያል። የኋላውን ካሜራ ይጠቀሙ። በአብዛኛው ስልክ ላይ ማያውን በፍሬሙ ምስል ላይ ተጭነው ትንሽ ሲቆዩ ትኩረቱና ብርሃኑ ይቆለፋል፤ ይህ ካልተደረገ እጅዎ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ምስሉ ሲፈዝና ሲጠራ ተመልካቹን ያደክመዋል። በቀረጻው መካከል ስልክ እንዳይደወል ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያድርጉት።

ስለ ፋይሉ ክብደት ደግሞ ምክንያቱን ላስረዳዎት። ስልክ በ1080 ጥራት ሲቀርጽ በተለመደው አሠራር አንድ ደቂቃ ብቻውን ከ100 ሜጋባይት ሊበልጥ ይችላል። የእርስዎ 18 ደቂቃ ወደ ሁለት ጊጋባይት ተጠግቶ ነበር ማለት ነው። እንደ ካፕካት ወይም ኢንሾት ባለ መተግበሪያ የማያስፈልገውን ቆርጠው ሲያስቀምጡት ጥራቱን 720፣ የዳታ መጠኑን በሰከንድ 2 ሜጋቢት ገደማ ቢያደርጉት አንድ ደቂቃው ወደ 15 ሜጋባይት ይወርዳል። ሦስት ደቂቃ 45 ሜጋባይት ሆነ ማለት ነው፤ በስልክ ማያ ላይ ደግሞ ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም። ዋናውን ቅጂ ግን አያጥፉት።

በመጨረሻም የሚናገሩትን ሁሉ አስቀድመው በወረቀት ይጻፉ። ሳይጽፉ የጀመሩት ንግግር ነው 18 ደቂቃ የሆነው።

መልስ 2፦ የባልትና ቤት (ቡሬ)

እንደምን ዋላችሁ። የእኔ ሥራ ባልትና ነው፤ የወንድማችን ችግር ግን ከሦስት ዓመት በፊት የእኔም ችግር ስለነበረ ያለፍሁበትን ልንገረው።

ምጥን ሽሮዬን ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ እልካለሁ። አንዳንድ ደንበኞች «ሽሮሽ ይጓጉላል» እያሉ ይደውሉልኝ ነበር፤ ዱቄቱ ውስጥ ባዕድ ነገር ገብቷል ብለው የጠረጠሩም አልጠፉም። ነገሩ ሌላ ነበር፤ ዱቄቱን በቀጥታ ከሚፈላ ውኃ ውስጥ ይጨምሩታል። የዱቄቱ ውጭ ቶሎ በስሎ ሲጣበቅ ውስጡን ያሽገዋል፤ ደረቁ ዱቄት በመካከል ይቀራል። አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውኃ ከተበጠበጠ ግን አይጓጉልም። ይህን ለሃምሳ ሰው በስልክ ከማስረዳት ብዬ በእኅቴ ልጅ ስልክ ቪዲዮ ሠራሁ።

በመጀመሪያው ቪዲዮ ሰላምታ አቀረብሁ፣ የቤቱን ታሪክ ተናገርሁ፣ ስለ ሽሮው እህል አመራረጥ አብራራሁ። ለጎረቤቴ ስልኩን ሰጥቼ እንድታየው ጠየቅኋት። ገና ሽሮው ድስት ሳይገባ በአውራ ጣቷ ወደ ፊት ገፋችው። ክፋት የላትም፤ የምትፈልገው የጓጎለውን ነገር መፍትሔ ነበር። ሁለተኛውን ቪዲዮ በጓጎለ ሽሮ ጀመርሁት። አንዱን ጓል በማንኪያ ስጨፈልቀው ደረቁ ዱቄት ከውስጡ ፈሰሰ። «የእናንተም እንዲህ ሆኗል? ምክንያቱ ይህ ነው» ብዬ ቀጠልሁ። ርዝመቱ ሁለት ደቂቃ አይሞላም፤ እስከ ዛሬ ከሠራኋቸው ሁሉ ብዙ ሰው ከእኔ የጠየቀውም እርሱን ነው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ የእርስዎ የመጀመሪያ ቪዲዮ በዚያ አባት ፍሬም ይጀምር። የተጣጠፈው ሰም ይታይ፤ የላላው ሽቦ ይነካ፤ ቀጥሎ የተወጠረው ይነካ። ከዚያ እንዴት እንደሚወጠር ያሳዩና ይጨርሱ። ስለ ንግሥት ማገጃ አንድም ቃል አይጨምሩ፤ እርሱ የሌላ ቀን ነው። አንድ ቪዲዮ የሚመልሰው ደንበኛው ተመልሶ ሲመጣ የሚጠይቅዎትን አንዱን ጥያቄ ብቻ ይሁን። የሚመጡትን አቤቱታዎች ለአንድ ወር በደብተር ቢመዘግቡ የትኛው ቪዲዮ መቅደም እንዳለበት ደብተሩ ይነግርዎታል።

ከባለ ስቱዲዮው ወንድማችን ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። እኔ ሁሉንም ቃል ጽፌ ሳነብ ድምፄ ዜና የምታነብ ሴት ድምፅ ሆነ፤ የሚያውቁኝ ደንበኞች «ይህች አንቺ አይደለሽም» አሉኝ። አሁን በካርቶን ላይ ቅደም ተከተሉን ብቻ በትልልቁ እጽፍና ከስልኩ ጎን አቆመዋለሁ፤ ንግግሩን ግን አንዲት ደንበኛ ከፊቴ ቆማ እንደምትጠይቀኝ አድርጌ እናገራለሁ። የእርስዎ ገዥዎች ድምፅዎን ያውቁታል፤ ያንኑ ድምፅ ይስሙ። ፊትን ማሳየት ግን ግድ አይደለም። እኔ ከእጄ በቀር ምንም አላሳይም።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የጠቀመኝን ነገር ልናገር። ቪዲዮውን ከማሰራጨቴ በፊት አንድ ሰው ቤቴ ጠርቼ ስልኩን፣ ሽሮውንና ድስቱን ሰጥቼ «እያየሽ ሥሪ» እላለሁ፤ እኔም አጠገቧ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ዝም ማለቱ ከባድ ነው፤ አፌን በእጄ የያዝሁበት ጊዜ አለ። እርሷ ቆም ያለችበትና ግራ የገባት ቦታ የቪዲዮው ጉድለት ነው። በዚህ መንገድ ያገኘሁትን አንድ ስሕተት ልንገራችሁ፤ በቪዲዮው «አንድ ብርጭቆ ውኃ» ብዬ ነበር። የእርሷ ብርጭቆ ከእኔው እጥፍ የሚሆን ስለነበረ ሽሮው ቀጠነባት። ከዚያ ወዲህ በቡና ሲኒ ነው የምለካው፤ ሲኒ በየቤቱ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። እርስዎም ሴንቲ ሜትርና ሚሊ ሜትር ከመጥራት ይልቅ በገበሬው ቤት የሚገኝ መለኪያ ቢፈልጉ መልካም ነው።

ስለ ማድረሱ፦ ዳታ ለሌለው ሰው ከስልክ ወደ ስልክ በዜንደር እዚያው ሱቅ ውስጥ አስተላልፍለታለሁ፤ ለዚህ ዳታ አያስፈልግም። ስልኩ አሮጌ ከሆነ በሚሞሪ ካርዱ ላይ ይገለበጥለታል። ለራቁት ደግሞ ሁሉንም ለሁሉም አልልክም፤ በማሸጊያው ላይ «አሠራሩን በቪዲዮ ማየት ከፈለጉ ይጠይቁኝ» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ለጠየቀኝ የጠየቀውን ብቻ በቴሌግራም እልካለሁ።

መልስ 3፦ የንብ ባለሙያ (ዳንግላ)

ክብረት ይስጥልኝ፣ ወገኖቼ። በአዊ አካባቢ ከአናቢዎች ጋር ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ። ስለ ቀረጻው ሁለቱ የጻፉት መልካም ነው፤ እኔ ስለ ንቡ ልጨምር።

የእኛ ንብ ቁጡ ስለሆነች ልምድ ያለው አናቢ ቀፎ የሚከፍተው አመሻሽ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የስልክ ካሜራ በደንብ አያይም። ብዙ ሰው ይህን ለማስታረቅ ሲል በጠራራ ፀሐይ ቀፎ ከፍቶ ይቀርጻል፤ ከብቶችና ሕፃናት ባሉበት ግቢ ይህ አደጋ ነው። መፍትሔው ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው። ሽቦ መወጠር፣ ሰም ማያያዝ፣ ፍሬም መስቀል፣ ማገጃ ማስቀመጥ፣ ሳጥን በሳጥን ላይ መደረብ ሁሉም በባዶ ቀፎ፣ በቀን ብርሃን፣ በሥራ ቤትዎ ውስጥ ሊታዩ ይችላሉ። ንብ ያለበትን ቀፎ ማሳየት የሚያስፈልገው ለጥቂቱ ነው፤ እርሱም ጭሱ በመግቢያው በኩል እንዴት እንደሚሰጥና ክዳኑ እንዴት ቀስ ብሎ እንደሚነሣ ነው። ለዚያ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ያለውን ግማሽ ሰዓት ይጠቀሙ፤ የሚቀርጸውም ሰው የፊት መከለያና ልብስ ይልበስ፤ ከመግቢያው ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን ይቁም። ንብ በጥቁር ነገርና በትንፋሽ ላይ ስለምትቆጣ ስልኩን ነጣ ያለ መሸፈኛ ያልብሱት። ከጨለመ በኋላ ማሳየት ግድ ከሆነ ንብ ቀይ ቀለም ስለማታይ በባትሪው መስታወት ላይ ቀይ ፕላስቲክ ማሰር ይረዳል፤ ምስሉ ግን ለማስተማሪያ የሚሆን ጥራት አይኖረውም።

እኅታችን ስለ መለኪያ ያነሡት ነገር በእርስዎ ሥራ ከሁሉ የሚበልጥ ነው። ባለ ፍሬም ቀፎ ሊሠራ የቻለው ላንግስትሮዝ የተባለው አሜሪካዊ ንብ ሳትዘጋው ለመተላለፊያ የምትተወውን ክፍተት በ1851 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ካስተዋለ በኋላ ነው። ክፍተቱ ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ ከጠበበ ንቧ በሙጫ ትደፍነዋለች፤ ከሰፋ እንጀራ ትሠራበታለች። ደንበኞችዎ «አሻግራ ሠራችብኝ» የሚሉት ይህን ነው። በሚሊ ሜትር ቢነግሯቸው አይያዝላቸውም፤ የተማሪ እርሳስ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ በፍሬሙ ጎንና በሳጥኑ ግድግዳ መካከል እርሳስ ሲያልፍ ያሳዩ። እርሳስ ከልጆች ቦርሳ አይጠፋም። በፍሬሞቹ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ ከላይ በኩል ትከሻ ለትከሻ ሲነካኩ ራሱ ይስተካከላል፤ ዐሥሩም ፍሬም ይግባ፤ «ዘጠኝ ይበቃል» ብሎ አንዱን ማስቀረት የመጀመሪያው ስሕተት እንደሆነ ግልጽ አድርገው ይናገሩ።

ሰም ማቅለጥን የሚያሳዩ ከሆነ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ሰም በ62 እና በ64 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ይቀልጣል፤ ስለዚህ ሰሙ ያለበትን ዕቃ ውኃ ካለበት ሌላ ድስት ውስጥ አስቀምጦ ማቅለጥ ይበቃል። በቀጥታ እሳት ላይ ከተጣደ ይነዳል። በቪዲዮ ሰው የሚያየው እጅን ነው፤ እርስዎ «እንዲህ አታድርጉ» እያሉ በእሳት ላይ ቢያሳዩ ቃሉ ተረስቶ ሥራው ይቀራል። ስለዚህ ሰም ሲሆን ትክክለኛውን ብቻ ያሳዩ።

ጊዜውንም ያስቡበት። ስለ ፍሬም ዝግጅት የሚሠሩት ቪዲዮ በደንበኛው እጅ መግባት ያለበት ነሐሴ ላይ ነው። መስከረም ላይ መጭና አደይ አበባ ማበብ ሲጀምሩ ቀፎው ተዘጋጅቶ መገኘት አለበት፤ ያኔ የሚሠራ ቪዲዮ ለዚያ ዓመት ዘግይቷል። ስለ ማር ቆረጣው የሚሆነው ደግሞ ጥቅምት ላይ ይድረስ። ወደ እኛ ወደ አዊ የሚሸጡ ከሆነም ምስሉ ተለይቶ፣ ንግግሩ በኋላ የሚጨመርበት አሠራር ሌላ ጥቅም አለው፤ በዚያው ምስል ላይ በአዊኛ የሚናገር ሰው ድምፁን ሊጨምርበት ይችላል። በቤት ውስጥ አማርኛ የማይነገርባቸው እናቶች ቀፎ ሲንከባከቡ በዓይኔ አይቻለሁ።

ጠያቂው፦ ቀፎ ሠሪው (ፍኖተ ሰላም)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለሦስታችሁም ምስጋናዬ ከልብ ነው። የሰማሁትን ሳልሞክር መመለስ ስላልፈለግሁ ሦስት ሳምንት ቆየሁ።

ደብተር ያዝሁ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከተመዘገቡት ዐሥራ አራት ቅሬታዎች ዘጠኙ የሽቦና የሰም ሆነው ተገኙ፤ ሦስቱ የተራራቁ ፍሬሞች ናቸው። ስለ ማር ማጣራት የጠየቀኝ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እኔ ግን ጥር ላይ በሠራሁት ቪዲዮ ውስጥ ሰባት ደቂቃ የሰጠሁት ለእርሱ ነበር።

የመጀመሪያውን በተጣጠፈ ሰም ጀመርሁት። ርዝመቱ 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ሆነ፤ ፋይሉም 41 ሜጋባይት። ንግግሩን ጋቢ ተከናንቤ ቀረጽሁት፤ እውነትም ማስተጋባቱ ጠፋ። ስለ ወረቀቱ የእኅቴን ምክር ተከትዬ ቅደም ተከተሉን ብቻ በካርቶን ጻፍሁ፤ ስለ ሰም ማያያዙ የምናገረውን ክፍል ግን ሙሉውን ጽፌ ነው ያነበብሁት፤ በቃል ስናገር ረዝሞብኝ ነበር።

ከዚያ አንድ ከደምበጫ የመጣ ወጣት ገዥ እያየ እንዲሠራ ጠየቅሁት። ሽቦውን ወጥሮ በጣቱ ነካና ፍሬሙን ወደ ጆሮው አስጠጋው፤ እንደገና ወጠረና ነካ። አልጠራ ሲለው ማንም ሳይነግረው ፈትቶ እንደገና ጀመረ። ምንም አልተናገርሁም፤ ደስታዬ ግን ትልቅ ነበር። ችግሩ የመጣው ሽቦውን በባትሪ ኤሌክትሪክ አሙቆ ሰሙ ውስጥ በማስገባቱ ላይ ነው። ቪዲዮውን አቁሞ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ መለሰ፤ የሽቦውን ጫፍና የባትሪውን ገመድ የሚያገናኘውን እጄን ነው የሚፈልገው፤ የእኔ ግራ እጅ ደግሞ ሸፍኖታል። የቀረጽሁት ከጠረጴዛው ማዶ፣ ከፊት ለፊቴ ነበር። ከየት በኩል ብቀርጸው ይሻላል?

ባለ ስቱዲዮው (ደብረ ማርቆስ)

ወንድሜ፣ ስልኩን ወደ እርስዎ ጎን ያምጡት። በቀኝ ትከሻዎ በላይ ሆኖ ወደ ታች ወደ ፍሬሙ ይመልከት። ከፊት ለፊት ሲቀረጽ የእርስዎ ቀኝ ለተመልካቹ ግራ ይሆንበታል፤ እጁን እያገላበጠ ማሰብ አለበት። ከትከሻ በላይ ሲሆን ግን የሚያየው እጅ የራሱን እጅ ይመስለዋል። ከጣሪያው ያወረዱትን ጣውላ ወደ ኋላ አንድ ክንድ ቢያስጠጉት ይበቃል። ሙሉውን እንደገና አይቅረጹ፤ ያቺን ሃያ ሰከንድ ብቻ ቀርጸው በቦታዋ ይተኩ። ሽቦው ሲሞቅና ሰሙ ውስጥ ሲሰምጥ ያለውን ቅጽበት ስልኩን በጣም አስጠግተው ለብቻው አንድ ጊዜ ይያዙት፤ ሰሙ በሽቦው ዙሪያ ሲያንጸባርቅ መታየት አለበት፤ ገመዱን መቼ ማንሣት እንዳለበት የሚያውቀው በዚያ ነው።

ስለ ወረቀቱም እኅታችን ልክ ናቸው፤ ለድምፅዎ እንዲህ ከፍሎ መሥራቱ ይስማማል። በማያው ላይ የአማርኛ ጽሑፍ ከጨመሩ ግን ጥቂትና ትልልቅ ይሁን፤ መተግበሪያው ፊደላችንን ባዶ ሳጥን አድርጎ ካሳየው የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ይጫኑበት።

ጠያቂው፦ ቀፎ ሠሪው (ፍኖተ ሰላም)

ጣውላውን ዛሬ ማታ አዛውሬዋለሁ። ነገ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ መጋዙ ሳይነሣ ሃያዋን ሰከንድ እቀርጻለሁ። ወጣቱ ለሚቀጥለው ገበያ እንደሚመጣ ስለነገረኝ ያቺኑ ክፍል በድጋሚ እርሱ እንዲሞክራት አደርጋለሁ። ፍሬሙን በነጠላ ጠቅልለው ያመጡልኝ አባትም ለአዲሱ ወቅት ሁለት ቀፎ አዝዘውኛል። የሚነካ ማያ ያለው ስልክ የላቸውም፤ ልጃቸው ግን አለው፤ በሚሞሪ ካርዱ ላይ ገልብጬ ከቀፎዎቹ ጋር እልክላቸዋለሁ።